ጆሮን መክሰስ ይብቃ

«እንግሊዝኛህ ነዋ!» በናይሮቢው የኢስትሊ ሰፈር ውስጥ በአንድ ትልቅ የሆሊውድ ፊልም መሀል «ምን አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሐበሻ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው መልስ ይህ ነው። መላሹም አልሰማም፤ ልዩነታቸው እሱ አለመስማቱን መደበቁ ብቻ ነው። ጠያቂው አፍሮ ዝም ይላል። ሪሞት የያዘው ሰው ድምፅ ይጨምራል፤ ወዲያው አንድ ፍንዳታ ቤቱን ሲያናጋው ደንግጦ ይቀንሳል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ሪሞቱም ከእጅ ሳይወርድ ያመሻል።

መልሱ ተራ ቀልድ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው እምነት ግን ሥር የሰደደ ነው። ፊልሙ ካልተሰማ ጉድለቱ የሰሚው ነው፤ ወይ ቋንቋው፣ ወይ ቴሌቪዥኑ፣ ወይ ትዕግሥቱ። ፊልሙን የሠራው ሰው ከተጠያቂነት ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ የለበትም። መጠየቅ ያለበት ግን እሱ ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክር በጠንካራ ጎኑ ሲቀርብ እንዲህ ይላል። ኢስትሊ ውስጥ እንግሊዝኛ የማንም የእናት ቋንቋ አይደለም ማለት ይቻላል፤ ገበያው በሶማልኛና በስዋሂሊ ይውላል፣ ኦሮምኛና አማርኛ ከየሱቁ ይሰማሉ። ታዲያ የቴክሳስ ገበሬ ወይም የለንደን ወንበዴ ሲያጉረመርም ቃሉ ቢያመልጥ ምን ይገርማል? ፊልም ደግሞ ከሁሉ በፊት ምስል ነው፤ ቃል ሁሉ ጠርቶ እንዲደርሰው የሚሻ ሰው ሬዲዮ ያዳምጥ። በእውነተኛው ሕይወትም ሰው ቃል እየለቀመ አይናገርም፤ ያቋርጣል፣ ያንሾካሹካል፣ በማታቱ ሚኒባስ ጩኸት ይዋጣል። ዳይሬክተሩ ሥራውን ያሰናዳው ለትልቅ አዳራሽ ነው፤ ከሙቪ ሾፕ በፍላሽ አስገልብጦ በትንሽ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው የሚወቅሰው ራሱን ነው። ይህ ሁሉ ካልተዋጠለትም ሰብታይትል አለለት።

አንድ ላይ ሲነበብ የሚያሳምን ይመስላል። አንድ በአንድ ሲታይ ግን ሙሉ በሙሉ የሚቆም የለም።

ከቋንቋው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2014 ቢቢሲ «ጃማይካ ኢን» የተባለ ተከታታይ ድራማ ባሳየ ጊዜ ከ2,000 በላይ ቅሬታ ደረሰው፤ ዋናው ጉዳይ ተዋንያኑ የሚሉት አይሰማም የሚል ነበር። ድራማው የእንግሊዝ ነው፣ አቤት ያሉትም ቋንቋውን ከእናታቸው የተማሩት ናቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የክሪስቶፈር ኖላን «ኢንተርስቴላር» ሲወጣ በኒው ዮርክ ግዛት ሮችስተር ከተማ የሚገኝ ሲኒማ ቤት ማስታወቂያ እስከ መለጠፍ ደረሰ። ማስታወቂያው የድምፅ መሣሪያዎቹ ደኅና መሆናቸውን፣ ፊልሙ ሙዚቃው ጎልቶ የተሠራው ሆን ተብሎ መሆኑን የሚያስረዳ ነበር። ኔትፍሊክስም በ2025 የበር መንኳኳትና የሙዚቃ መግለጫ የሌለበት፣ ንግግሩን ብቻ የሚጽፍ ሰብታይትል ሲጀምር በአሜሪካ ከሚታየው ሰዓት ግማሽ ያህሉ ጽሑፍ ተከፍቶ የሚታይ መሆኑን ገልጿል። ለሮችስተር ሰው «እንግሊዝኛህ ነዋ!» የሚለው ማን ይሆን?

ደግሞስ የኢስትሊ ጆሮ ደካማ ነው የተባለው በየትኛው ሚዛን ተመዝኖ ነው? ፈርስት አቨኑ ላይ ቆማ ልብስ የምትሸጥ ሴት፣ ቁጥር 9 ማታቱ የሙዚቃውን ቤዝ እያስጓራ ከፊቷ ሲያልፍ፣ ጀነሬተር ከጀርባዋ እየተንደቀደቀ፣ አዛን ከላይ እየተሰማ፣ በሶማልኛ የተጠየቀችውን ዋጋ በስዋሂሊ ትመልሳለች፤ መሀል ላይ ለጓደኛዋ በአማርኛ ምክር ጣል ታደርጋለች። አንዲት ሺሊንግ አታመልጣትም። ይህቺው ሴት ማታ ቤቷ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ አንድ ፊልም ስትከፍት ጆሮዋ በድንገት የሚሰንፍበት ምክንያት ምንድን ነው?

በዚህ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የመስማት ሳይንስ ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ በሁለተኛ ቋንቋው የሚያዳምጥ ሰው በጸጥታ ጥሩ ቢሰማም ጫጫታ ሲገባበት ከቋንቋው ባለቤት ይልቅ በፍጥነት ይጎዳል። የቋንቋው ባለቤት የጠፋውን ቃል ከልማድ ገምቶ ይሞላዋል፤ ሌላው ግን የሚሞላበት ቁሳቁስ ያንሰዋል። ስለዚህ «የእናንተ ቋንቋ አይደለም» የሚለው ክርክር ወደ ተናገረው ሰው ይመለሳል። አብዛኛው የዓለም ተመልካች እንግሊዝኛን በሁለተኛነት ወይም በሦስተኛነት የሚሰማ ከሆነ፣ ፊልሙን ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚሸጠው ኩባንያ ንግግሩን የማጥራት ግዴታው ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ወጡን አሳርሮ እንግዳውን «ምላስህ ነው» ማለት ከመስተንግዶ አይቆጠርም።

ወደ ጥበቡ ክርክር እንለፍ፤ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ኖላን በ«ኢንተርስቴላር» ላይ ለተነሣው ቅሬታ በሰጠው መልስ፣ ግልጽነት በንግግር ብቻ ይገኛል በሚለው እንደማይስማማ፣ ታሪኩንና ስሜቱን በምስልና በድምፅ ድርብርብ ማስተላለፍ እንደሚፈልግ ተናግሯል። ሐሳቡ ክቡር ነው። የራሱ ፊልም ግን ይመሰክርበታል። በ«ኢንተርስቴላር» ውስጥ ማይክል ኬን የሚጫወታቸው አዛውንት ሳይንቲስት በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ከሞት አፋፍ አንድ ኑዛዜ ይናዘዛሉ፤ የሰውን ልጅ ከምድር የማውጣቱ ዕቅድ ከመነሻውም እንደማይሠራ ያውቁ ነበር። የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ በሙሉ በዚህች ኑዛዜ ላይ ይሽከረከራል። ብዙ ተመልካች ያልሰማውም ይህችኑ ነው። ስሜት ነው የተፈለገው ከተባለ፣ የተካደው ምን እንደሆነ ያልሰማ ሰው የትኛውን የመካድ ስሜት ይሰማዋል?

በ2020 የወጣው የኖላን «ቴኔት» ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ጊዜ ወደ ኋላ የሚሄድበት፣ ሕጉ በንግግር ካልተብራራ የማይገባ ታሪክ ነው። ማብራሪያው ግን በጀልባ ላይ በነፋስና በማዕበል መሀል፣ ወይም ፊት በሸፈነ የኦክስጅን ጭንብል ውስጥ ሆኖ ይነገራል። ምስሉ ብቻውን ሊሸከመው የሚችል ታሪክ ቢሆን ኖሮ ንግግሩን ማጥፋት ድፍረት በሆነ ነበር። እዚህ ግን እንቆቅልሽ ይሰጥና መፍቻው ይደበቃል።

ከዚያ ይልቅ የሚያስተዛዝበው የቤን ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ 2011 የኖላን «ዘ ዳርክ ናይት ራይዝስ» ከመውጣቱ በፊት የመክፈቻው ክፍል በአይማክስ አዳራሾች ታየ፤ ጭንብል ያጠለቀው ባለጋራ ቤን የሚለው አይሰማም ተብሎ ጩኸት ተነሣ። በቀጣዩ ሐምሌ ፊልሙ ሲወጣ ድምፁ ጎልቶና ጠርቶ ነበር። ጥበቡ ምን ጎደለበት? ቤን እስከ ዛሬ ልጆች ድምፁን የሚያስመስሉት ገጸ ባሕርይ የሆነው ስለተሰማ ነው።

አዎ፣ ድምፅን መደበቁ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ሮበርት አልትማን በ1971 «ማኬብ ኤንድ ሚስስ ሚለር»ን ሲሠራ ንግግሮችን እርስ በርስ አደራርቦ የአንድን መንደር ሁካታ ፈጠረ፤ የዚያ ፊልም ሕይወቱ እዚያ ሁካታ ውስጥ ነው። በ2024 የድምፅ ኦስካርን ከ«ኦፐንሃይመር» ነጥቆ የወሰደው የግላዘር «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ከአውሽዊትዝ ግንብ ማዶ የሚመጣውን ድምፅ በግማሽ እንዲሰማ አድርጎ ተመልካቹን እንቅልፍ ይነሣዋል። እዚያ ያልጠራው ድምፅ የታሪኩ ጉዳይ ነው፤ ከግንቡ ወዲህ የሚኖረው ቤተሰብ ላለመስማት የመረጠውን ነገር ተመልካቹ ይሰማል። ግን ስንት ፊልም ነው ይህን ሰበብ ማቅረብ የሚችለው? ሕንፃ ለመደርመስና መኪና ለመገልበጥ የተሠራ ፊልም ከግላዘር ጥላ ሥር ሲጠለል ማየት ያስቃል።

ውጥረት በጠራ ንግግርም እንደሚገነባ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ታሪኩ ኢስትሊ ውስጥ ያረፈ ፊልም አለ። የጋቪን ሁድ «አይ ኢን ዘ ስካይ» በ2015 ቶሮንቶ ላይ ታየ። ሰፈሩ በደቡብ አፍሪካ ተመስሎ የተሠራ ነው፤ ኢስትሊን የሣለበት መንገድ የሰፈሩን ሰው የሚያስከፋበት ምክንያትም አለው፤ እሱ ራሱን የቻለ ሙግት ነው። በድምፅ በኩል ግን ይህ ፊልም ከሞላ ጎደል ንግግር ነው። ለንደን ያለ ጄኔራል፣ ኔቫዳ ያለ የድሮን አብራሪ፣ ናይሮቢ መሬት ላይ ያለ ሰላይ በስልክና በስክሪን ይከራከራሉ፤ አንዲት ዳቦ የምትሸጥ ልጅ አጠገብ ሚሳይል ይጣል ወይስ አይጣል። አላን ሪክማንና ሄለን ሚረን ድምፃቸውን ሳይጨምሩ ልብ ያንጠለጥላሉ። 13 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ይህ ፊልም የቻለውን፣ 200 ሚሊዮን ገደማ የፈሰሰበት «ቴኔት» ለምን አልቻለም? መልሱ ገንዘብ ወይም መሣሪያ ሊሆን አይችልም። ንግግሩ ዋጋ አለው ብሎ ከመነሻው የመወሰን ጉዳይ ነው።

የመሣሪያው ክርክር እውነት ያዘለ ክፍል አለውና እሱን መለየት ያስፈልጋል። ሲኒማ ቤት ውስጥ ድምፅ የሚመዘነው በ85 ዴሲቤል መነሻ ነው፤ ንግግሩ በአብዛኛው ከስክሪኑ ጀርባ ከመሀል ድምፅ ማጉያ ለብቻው ይወጣል፣ ሙዚቃውና ፍንዳታው በግራ፣ በቀኝና ከኋላ ይዞራሉ። ይህ ሁሉ ወደ ሁለት ድምፅ ማጉያ ሲጨመቅ የመሀሉ ንግግር ከግራና ከቀኙ ጋር ተደባልቆ ቦታውን ይለቃል። በሙቪ ሾፕ የሚገለበጠው ቅጂ በትክክል ካልተጨመቀ፣ ወይም ማጫወቻው በትክክል ካልተስተካከለ፣ የመሀሉ መስመር ከነጭራሹ ሊጠፋና ተዋንያኑ ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገሩ ሊመስሉ ይችላሉ። ስስ ቴሌቪዥኖችም ድምፅ ማጉያቸው ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ታች የዞረ ነው። የቃልን ትርጉም በብዛት የሚሸከሙት ተነባቢዎች ደካማና ቀጭን ድምፅ ናቸው፤ ከባድ የፍንዳታና የሙዚቃ ድምፅ ከላያቸው ሲወድቅ ቀድመው የሚሰጥሙት እነሱ ናቸው።

ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ሮችስተር ያለው ተመልካች በፍላሽ አላየም። ቅሬታው የተነሣው መሣሪያቸው ሙሉ ከሆነ አዳራሾች፣ ከአይማክስም ጭምር ነው። ናይሮቢ ውስጥ ወደ አይማክስ ከፍሎ የገባ ሰውስ ቴሌቪዥኑ ስለሆነ ነው ይባል?

ሌላም አለ። ኩባንያዎቹ ፊልማቸው ከጥቂት ሳምንታት የአዳራሽ ቆይታ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ በሳሎንና በስልክ እንደሚኖር አሳምረው ያውቃሉ፤ የሚሸጡትም ለዚያ ነው። ኔትፍሊክስ ከጥር 2016 ጀምሮ ኬንያ ውስጥ ገንዘብ ይሰበስባል። ለሚቀበላቸው ሥራዎች ያወጣው መስፈርት የንግግሩን አማካይ ከፍታ በድምፅ መለኪያ −27 አካባቢ ያስቀምጥና ጫፉ እስከ −2 ድረስ እንዲወጣ ይፈቅዳል። በመሀሉ ያለው ሰፊ ክፍተት ነው ሪሞቱን ከእጅ እንዳይወርድ የሚያደርገው። በጸጥተኛ አዳራሽ ውስጥ ይህ ክፍተት ደስታ ነው። ሕፃን በተኛበት፣ ጎረቤት በስስ ግድግዳ በሚለይበት የኢስትሊ ፎቅ ላይ ግን ወይ ንግግሩን ወይ ሰላምን መምረጥ ይሆናል። «ሳውንድ ባር ግዛ» የሚለው ምክር ደግሞ ዕቃው ጎድሎ ለተሸጠለት ሰው ጉድለቱን በራስህ ኪስ ሙላ ማለት ነው።

ሰብታይትሉን በተመለከተ፣ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች መብት ነው፤ ከፊልም ጋር የማይቀርብበት ምክንያት የለም። ለመስማት ችግር የሌለበትን ሰው ማንበብ ማስገደድ ግን ሌላ ነገር ነው። ዓይኑ ከተዋናዩ ፊት ወደ ግርጌ ይወርዳል፤ ያ ሁሉ የተለፋበት ምስል፣ ጥበቡ የተባለው ምስል፣ በግማሹ ሳይታይ ያልፋል። ፊልም ምስል ነው የሚሉት ሰዎች መፍትሔያቸው ምስሉን የሚያስረሳ ጽሑፍ መሆኑን አያስተውሉትም? በአማርኛ የተጻፈ ሰብታይትል በእነዚህ ፊልሞች ላይ ማግኘት ደግሞ ብርቅ ነው። ፊደል የቆጠሩት በአማርኛ ብቻ ለሆነ እናት የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ሁለተኛ ግድግዳ ይሆንባቸዋል።

ናይሮቢ ውስጥ ለዚህ ችግር በተግባር የተሰጠ መልስ ቢኖር የዲጄ አፍሮ ነው። ስዋሂሊንና ሼንግን እየቀላቀለ የድርጊት ፊልሞችን የሚተርከው ይህ ሰው በኬንያ የቪዲዮ ቤቶች ውስጥ ከብዙ የሆሊውድ ኮከቦች የላቀ ስም አለው። ዑጋንዳ ውስጥ ቪጄ የሚባሉት ተራኪዎች ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ፤ በ2010 በካምፓላው ዋካሊጋ የተሠራው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የታወቀው ከተራኪው ከቪጄ ኤሚ ድምፅ ጋር ነው። የተማረው ወገን በዚህ ሥራ ይስቃል። ፊልም ያበላሻሉ፣ ያልተባለ ያስብላሉ፣ ቀልድ ይጨምራሉ ይላል። አዎ፣ ያልተባለ ያስብላሉ። የአዲስ አበባ ልጆች «አክተሩ» የሚሉትን ጀግና ስሙን ቀይረው የሰፈር ልጅ ያደርጉታል። ግን የድምፅ ሥራቸውን ልብ ማለት ይገባል፤ ፊልሙን ዝቅ፣ የሰውን ድምፅ ከፍ። በአንድ ማይክሮፎን። ስንት መቶ የድምፅ መስመር ያለው ስቱዲዮ ያልፈቀደውን ነገር ይህ ሰው ለአንድ ሙሉ ክፍል ሰው ያደርግለታል፤ ሰዉም ከፍሎ ይመጣል።

አማርኛ ተናጋሪው ተመልካች የድምፅ ባዕድ አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ከሬዲዮ የሰማ ትውልድ፣ አንድ ሰው ብቻውን በድምፁ ስንት ገጸ ባሕርይ ሊያቆም እንደሚችል ያውቃል። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር ከአገር ቤት የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ ስለ ባህልና ስለ ሥራ ያነሡት ሥጋት የሚናቅ አልነበረም። ተመልካቹ ግን ተከተለው። የቱርኩ ተዋናይ ከንፈሩ ከአማርኛው ጋር ባይገጥምም፣ ድምፁ የተቀዳው አዲስ አበባ ውስጥ ከማይክሮፎን አጠገብ ነውና እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። በዚህ ሥራ የክፍሉ ማስተጋባት፣ የተዋናዩ ትንፋሽ ይጠፋል፤ ኪሳራ ነው። ቢሆንም ኢስትሊ ውስጥ አንዲት አያት ሳይጠይቁ ተከታትለው የሚጨርሱት ታሪክ ይህ ነው።

የቃና ምሳሌ ሌላ ምስጢርም ያወጣል። ፊልም ወደ ሌላ ቋንቋ እንዲዞር ንግግሩ ከሙዚቃውና ከሌላው ድምፅ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ለውጭ ገበያ ሲሉ ይህን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠሩት ኖረዋል፤ ንግግር፣ ሙዚቃ፣ ሌላ ድምፅ፣ ሦስቱም ለየብቻ መደርደሪያው ላይ አሉ። አማዞን በ2023 በቪዲዮ አገልግሎቱ ላይ ንግግሩን ብቻ ከፍ የሚያደርግ ምርጫ አክሏል። እንግዲህ «አይቻልም» የሚለው ቃል ከክርክሩ ወጥቷል። የቀረው «አንፈልግም» ነው፤ ካልፈለጉ ደግሞ አፍ አውጥተው ይበሉት እንጂ ተመልካቹን የቋንቋ ፈተና የወደቀ አያስመስሉት።

አዲስ አበባ ላይ ካሜራ የያዙ ወጣቶችም ከዚህ ወረርሽኝ ቢጠነቀቁ ይበጃል። በአንዳንድ የአማርኛ ፊልሞች ላይ ተዋናዩ ገና አፉን ሲከፍት ክራርና ኪቦርድ የሚዘንብበት ልማድ ቀድሞም ነበረ፤ አሁን «የሆሊውድ ስታይል» የሚል ስም ወጥቶለት እንዳይመለስ።

የሚጠየቀው ከባድ ነገር አይደለም። ከእያንዳንዱ ፊልም ጋር ለሁለት ድምፅ ማጉያ ተብሎ በሰው እጅ የተሠራ፣ ንግግሩ ከፊት የቆመበት አንድ ተጨማሪ የድምፅ ቅንብር (ሚክስ) ይቅረብ፤ ተመልካቹ እንደ ቋንቋ ምርጫ ይምረጠው። ዳይሬክተሩ የአዳራሹን ሚክስ እንደ ልቡ ያድርገው፣ ማንም አይነካበትም። የሙዚቃ ሰዎች ዘፈን ከማውጣታቸው በፊት በትንሽና በርካሽ ድምፅ ማጉያ አጫውተው የመፈተን የቆየ ልማድ አላቸው፤ አድማጩ በምን እንደሚሰማው ያውቃሉና። ለአንድ ፊልም 200 ሚሊዮን ዶላር የሚመድብ ኩባንያ ሚክሲንግ ክፍሉ ውስጥ ኢስትሊ ገበያ የሚሸጠውን ዓይነት አንድ ቴሌቪዥን ለማስቀመጥ በጀቱ የሚያጥረው እንዴት ሆኖ ነው?